ኦቨን ከመግዛት በፊት ሽቦውን

ነሐሴ 12 ቀን ማታ ደብረ ታቦር ላይ ሊጥ ያላቦካ ቤት ማግኘት ይከብዳል። በማግስቱ ቡሄ ነው፤ ከተማዋም የተጠራችው በበዓሉ ተራራ ስም ነው። ሙልሙሉ በብዙ ቤት ዛሬም ምጣድ ላይ ተደርድሮ፣ አክንባሎ ተከድኖበት ይጋገራል። አዲስ ቤት የሠሩና ማድ ቤታቸውን ካቢኔ ያለበሱ ሰዎች ግን ከካቢኔው ውስጥ ገብቶ በሩ ብቻ የሚታይ የኤሌክትሪክ ኦቨን ማስገጠም ጀምረዋል። ሱቅ ውስጥ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሰዓቱ ብዙ ይጠየቃል። ስለ ጀርባው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቤት የሚያቃጥለውም ሰው የሚነዝረውም ያለው ግን እዚያ ጀርባው ጋ ነው።

ኦቨን ሙቀት እንዳያመልጥ ዙሪያውን የታፈነ የብረት ሣጥን ነው። በሁለቱ የብረት ግድግዳዎች መሐል ሙቀት የማያሳልፍ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ታጭቋል፤ በሩ ሁለት ወይም ሦስት ድርብ መስታወት አለው። ከላይና ከታች የተጠማዘዘ ጥቁር ቱቦ አለ። የሚግለው ሽቦ ያለው ከቱቦው ውስጥ ነው። ሽቦው ኒክሮም የሚባል የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ሲሆን ኤሌክትሪክ እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ጅረቱ እየታገለ ሲያልፍበት ይግላል። በሽቦውና በቱቦው መሐል ማግኒዢየም ኦክሳይድ የተባለ ነጭ ዱቄት ተጠቅጥቋል። ይህ ዱቄት ሙቀቱን ወደ ውጭ ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪኩን ግን ያግዳል። ቱቦውን በማንኪያ ብትነኩት የማይነዝራችሁ በዚህ ዱቄት ምክንያት ነው (መንካቱን ግን አልመክርም)።

የእኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህ ቱቦ የለውም። ሸክላው ከሥሩ ዙሪያውን እየተጠማዘዘ ወደ መሐል የሚሄድ ቦይ ተቀርጾለታል፤ ሽቦው ራቁቱን በቦዩ ውስጥ ይተኛና ጀሶ ይለበድበታል። በእጃችሁና በ220 ቮልቱ መሐል ያለው ሸክላው ብቻ ነው። ደረቅና ጤነኛ ሸክላ ጥሩ መከላከያ ነው። ከተሰነጠቀ ወይም እርጥብ ጨርቅ ካረፈበት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ምጣድ ሲያሰሱ “ነዘረኝ” የሚሉ እናቶች እያጋነኑ አይደለም። ስንጥቅ ያለው ምጣድ ላይ ሊጥ ማፍሰስ ማለት ጨውና ውኃ ያለበትን ነገር በቀጥታ ወደ ሽቦው መላክ ነው።

ሌላው ልዩነት ቴርሞስታቱ ነው። ቀላሉ ምጣድ መሰኪያው እስኪነቀል ወይም ማብሪያው እስኪጠፋ ድረስ ይግላል። ኦቨን ግን 200 ዲግሪ ላይ ካዞራችሁት 200 ሲደርስ ራሱ ያቋርጣል፣ ትንሽ ሲበርድ መልሶ ይቀጥላል። ከፊቱ ያለችው ትንሽ መብራት የምትጠፋውና የምትበራው ይህንን ለመንገር ነው። መብራቷ በጠፋች ቁጥር “ተበላሸ” ብሎ ቁልፉን ማሽከርከር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ከእጅ ስልክ ካልኩሌተር የማያልፍ ስሌት ነው። ዋቱን ለ220 ብታካፍሉ አምፔሩ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ገበያ ላይ ያለው የእንጀራ ምጣድ 3750 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ ይህም 17 አምፔር ነው። ካቢኔ ውስጥ የሚገባ ኦቨን 3000 ዋት ከሆነ 13.6 አምፔር ይሆናል። የሻይ ውኃ ማፍያው 2000 ዋት ሲሆን 9 አምፔር ይጨምራል። የበዓል ዋዜማ ሦስቱም በአንድ ጊዜ በርተው ሲገኙ 40 አምፔር ግድም መሆኑ ነው። ብዙ ቤት ሲሠራ የተዘረጋው ሽቦ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር የታሰበ ነበር።

ለኦቨን ከብሬከር ሳጥኑ ተነሥቶ መሐል ላይ ለማንም ሳይሰጥ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር ያስፈልጋል። ከ3000 ዋት ላልበለጠ ኦቨን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር የተለመደ ነው። ለምጣዱ 4 ካሬ ሚሊሜትርና 20 ወይም 25 አምፔር ይሻላል። ሽቦው ረጅም መንገድ የሚሄድ ወይም ግድግዳ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተጠቅልሎ የሚቀበር ከሆነ አንድ ደረጃ ማወፈር ነው።

የርቀቱን ነገር በዋዛ አትዩት። በደቡብ ጎንደር ከተሞች ማድ ቤቱ ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ግቢው ጥግ ላይ ነው። ከቆጣሪው እስከዚያ 40 ሜትር አለ እንበል፤ ጅረቱ ሄዶ ስለሚመለስ ሽቦው 80 ሜትር መሆኑ ነው። በ2.5 ካሬ መዳብ ይህ ርዝመት 0.56 ኦም ይይዛል። 17 አምፔር የሚወስድ ምጣድ ስትሰኩበት መንገድ ላይ 9 ቮልት ተኩል ይቀራል፤ 160 ዋት የሚሆን ሙቀትም የምትከፍሉበት ሆኖ ሳለ እንጀራ ሳይሆን ግድግዳ ያሞቃል። ሽቦው 1.5 ካሬ ከሆነ ደግሞ ብክነቱ ወደ 270 ዋት ይጠጋል። በበዓል ማግስት ሽቦው ሲዳሰስ ለብ የሚል ቤት ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ብዙ ሰው ኦቨኑን የሚጠብቅ ይመስለዋልና ብሬከር በተደጋጋሚ ሲወርድ “ደካማ ነው” ብሎ 16ቱን አውጥቶ 32 ያስገባል። ከዚያ በኋላ በእርግጥም አይወርድም፤ በ32 አምፔር የሚቃጠለው ቀጭኑ ሽቦ ነው። በድሮው ፊውዝ ቦታ ወፍራም ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባትም ከዚህ አይለይም። ብሬከር ሲወርድ መጠየቅ ያለበት ከመስመሩ ላይ ምን እንደተንጠለጠለ ነው።

አንድ ዘመድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። እትዬ ኦቨናቸው ሲበራ ማድ ቤቱ “የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል” እያሉ ሰነበቱና ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያው ዋናውን ብሬከር አወረደ፣ በቴስተር አረጋገጠ፣ ከዚያ በካቻቢቴ የሶኬቱን ፊት ፈታ። አንደኛው ብሎን ጭንቅላቱ ጠቁሯል። ከሱ ሥር የገባው ሽቦ ልባሱ አንድ ጣት ያህል ቡናማ ሆኖ ደርቋል፤ ሲነካው ተፈረፈረ። “እትዬ፣ ይህ ብሎን እኮ ሙሉ አንድ ዙር ልል ነው” አለና ዞር አድርጎ አሳያቸው። “ታዲያ አንድ ብሎን ይህን ሁሉ?” አሉት። ሶኬቱን ለወጠው፣ የተጎዳውን ጫፍ ቆርጦ አዲስ ጫፍ ገፈፈ፣ አጠበቀ።

“አንድ ብሎን ይህን ሁሉ?” ጥሩ ጥያቄ ነው። የላላ ግንኙነት ላይ ያለው ተቃውሞ 0.2 ኦም ብቻ ይሁን፤ የምጣዱ 17 አምፔር ሲያልፍበት የሚወጣው ሙቀት 58 ዋት ነው (አምፔሩን በራሱ አባዝታችሁ በኦሙ ማባዛት ነው)። 58 ዋት ማለት የድሮው ባለ 60 አምፖል ሙቀት ማለት ነው። አምፖሉ ግን ያንን ሙቀት በሰፊ መስታወቱ ይበትነዋል፤ ሶኬቱ ውስጥ ሙቀቱ ያለው ከስንዴ ቅንጣት ባልበለጠች ቦታ ላይ ነው። ብሬከሩ ደግሞ ይህንን አያየውም፤ አምፔሩ አልጨመረምና። ሽታ የምታህል ማስጠንቀቂያ የለችም። ማከፋፈያ ላይ ምጣድ ወይም ኦቨን አይሰካ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ በማከፋፈያው ሆድ ውስጥ ያሉት ስስ የናስ ምላሶች በጊዜ ብዛት ይላላሉ።

መዳብና አሉሚኒየም አንድ ላይ ተጠምዘው ናስትሮ የተጠቀለለባቸው ቦታዎችም እንዲሁ ናቸው። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣው ሽቦ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ የሚለጠጡበት መጠን ይለያያል፤ አሉሚኒየሙም ላዩ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ቆዳ ይሸፈናል። ለሁለቱም ተብሎ የተሠራ ማያያዣ አለ፤ ባለሙያውን እሱን መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው ሽቦ፣ ባለ አረንጓዴና ቢጫው፣ የመሬት ሽቦ ወይም ኤርዝ የሚባለው ነው። ኦቨን ሲሠራ ይህ ሽቦ ምንም ሥራ የለውም፤ ብዙ ቤት ተቆርጦ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው የሚጀምረው ውስጥ ያለ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝ የሚባል ሽቦ ተልጦ የኦቨኑን ብረት ሲነካ ነው። ጥሩ ኤርዝ ካለ ጅረቱ በዚያ በኩል በኃይል ይወርድና ብሬከሩን ሊጥለው ይችላል። ኤርዝ ከሌለ ብረቱ 220 ቮልት ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ መንገዱን የሚከፍትለት የበሩን እጀታ የያዘ፣ በባዶ እግሩ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የቆመ ሰው ነው። የሦስት እግር መሰኪያን በሁለት እግር መለወጫ መሰካት ይህን ሽቦ መቁረጥ ነው።

ኤርዝ ሲባል ደግሞ አንድ ዘንግ ቀብሮ መርሳት አይደለም። የጉና ተራራ አካባቢ መሬት ድንጋያማ ነው፤ ከላይ ያለው አፈር በክረምት ጠግቦ በበጋ ይሰነጠቃል። በሐምሌ ጥሩ የተለካ ኤርዝ በመጋቢት ደካማ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ በተቻለ መጠን ጥልቅ ይቀበር፤ የውኃ ቧንቧው ወይም የእቃ ማጠቢያው ፍሳሽ የሚያርሰው ቦታ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። ባለሙያዎች ዙሪያውን ከሰልና ጨው የሚሞሉት እርጥበት እንዲይዝ ነው፤ ጨው ግን ብረቱን ስለሚበላ በየጥቂት ዓመቱ መታየት አለበት። ከዚህ በላይ የሚረዳው 30 ሚሊ አምፔር ተብሎ የተጻፈበት መከላከያ ነው፤ ባለሙያዎች አርሲዲ ይሉታል። በፌዝ የሄደው ጅረት በኒውትራል ተመልሶ እንደሆነ ይቆጥራል፤ ትንሽ እንኳ ከጎደለ በሰው በኩል ወርዶ ሊሆን ይችላል ብሎ በቅጽበት ያቋርጣል። አብስላችሁ የምታድሩበት ቤት ውስጥ ገንዘብ የሚወጣባት አንዲት ነገር ምረጡ ብባል ከኦቨኑ በፊት እሷን እመርጣለሁ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ክረምቱን በሙሉ ሳይበራ የቆየ ኦቨን፣ ወይም ከመጋዘን ገና የወጣ፣ ሲሰኩት አርሲዲውን ሊጥለው ይችላል። በቱቦው ውስጥ ያለው ያ ነጭ ዱቄት እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም ጥቂት ጅረት ያሳልፋል። ይህ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም፤ ባለሙያው ለክቶ፣ ቱቦውን አድርቆ ይመልሰዋል። መከላከያውን አውጥቶ ጥሎ “አሁን ሠራ” ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ካቢኔው እንምጣ። አብዛኛው የዚህ ዓይነት ኦቨን ፊቱ 59.5 በ59.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚገባበት ቀዳዳ ወርዱ 56፣ ጥልቀቱ ከ55 ያላነሰ፣ ቁመቱ 60 አካባቢ ይፈልጋል። አናጢው ከመቁረጡ በፊት ኦቨኑ ወይም ቢያንስ የልኩ ወረቀት ቤት መድረስ አለበት፤ በየፋብሪካው የሚለያዩ ጥቂት ሚሊሜትሮች አሉ። የካቢኔው ጀርባ ክፍት ይሁን፣ ከታችም ከላይም አየር የሚተነፍስበት ክፍተት ይተው። ኦቨኑ ሲጠፋ እንኳ ውስጡ ያለችው ትንሽ ፋን ለጥቂት ጊዜ ማሽከርከሯን የምትቀጥለው ካቢኔውንና መቆጣጠሪያውን ለማቀዝቀዝ ነው። ክፍተቱ አይጥ ያስገባል ተብሎ በሲሊኮን ወይም በካርቶን ሲደፈን አየሩ ይታፈናል፣ ሙጫውም ይለቃል። አይጡን በወንፊት ሽቦ ከልክሉት። የካቢኔው እንጨትና ሙጫ ቢያንስ 90 ዲግሪ የሚችል ይሁን።

ሶኬቱ በቀጥታ ከኦቨኑ ጀርባ አይሁን፤ ጎን ባለው ካቢኔ ውስጥ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። እሳት ቢነሣ ኦቨኑን ጎትቶ አውጥቶ መሰኪያ የሚነቅል ሰው የለም። መሰኪያ ከሌለው ደግሞ ፌዙንም ኒውትራሉንም አንድ ላይ የሚቆርጥ ማብሪያ ይገጠምለት። ገመዱ የኦቨኑን የጀርባ ብረት እየታከከ እንዳይወርድ ይታሰር። ኦቨኑ ከ30 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ሁለት ሰው ያንሣው፤ በበሩ እጀታ ግን አይነሣ፣ ማጠፊያው ይጣመማል። ከገባ በኋላ በሩን ስትከፍቱ ከጎን የሚታዩት ቀዳዳዎች ላይ ብሎን ይግባባቸው። ሰው ይህችን ይዘላታል። ድፎ የጫነ ትሪ ወጥቶ በተከፈተው በር ላይ ሲያርፍ ኦቨኑ ወደ ፊት የሚዘነበለው ብሎኗ ስላልገባች ነው።

ከአሜሪካ በኮንቴይነር የሚመጣ ኦቨን የራሱ ጣጣ አለው። ከጀርባው 240 ቮልት ይላል፤ “ያው ነው” ይባላል። እዚያ አገር 240ው የሚገኘው ከሁለት የ120 መስመሮች ነው፤ መብራቱና መቆጣጠሪያው ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በአንዱ በ120ው ነው። የእኛ ቤት ውስጥ 120 የሚባል ነገር የለም። ዘመድ ሊልክላችሁ ከሆነ ከአውሮፓ ስሪት ይሁን በሉት።

በመመሪያው መጽሐፍ ኋላ ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል ከባሕር ወለል በላይ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ የሚጽፉ ፋብሪካዎች አሉ። አንዳንዱ 2000 ይላል፣ አንዳንዱ 4000። ደብረ ታቦር 2700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ነፋስ መውጫ ደግሞ 3000 ግድም። ስስ አየር እቃን በደንብ አያቀዘቅዝም፤ በሁለት ራቁት ሽቦዎች መሐል ያለው አየርም ኤሌክትሪክ የማገድ አቅሙ ይቀንሳል። 2000 የሚለውን ገዝታችሁ ከሆነ ነገ ይፈነዳል ማለት አይደለም። ለማናፈሻው የሚተወው ክፍተት ግን እዚህ አገር ቅንጦት አይደለም፤ መቆጣጠሪያውና ማብሪያው የሚሠሩት ከታሰበላቸው በላይ ሞቀው ነው። ምርጫ ካለ 4000 የሚለውን መውሰድ ነው።

ከፍታው ሊጡንም ይነካል። ወረታ ወርዶ በ1800 ሜትር አካባቢ ውኃ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ደብረ ታቦር ላይ 91 ይበቃዋል። ዳቦ ውስጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከውኃው መፍያ እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ የውጭ አገር መጽሐፍ “መሐሉ 96 ሲደርስ አውጣ” የሚለውን የጠበቀ ሰው ሲጠብቅ ዳቦው ይደርቃል። እዚህ ፍርዱ በመሐሉ የገባች ቀጭን እንጨት ደርቃ መውጣቷና ከሥሩ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ማሰማቱ ነው፤ አሮጊቶቹ ከቴርሞሜትር በፊት የሚያውቁት ዘዴ ነው። ሊጡም ቶሎ ይነሣል፤ የሚጫነው አየር ቀላል ነውና እርሾው የሚያወጣው ጋዝ በሰፊው ያብጣል። ከአዲስ አበባ የመጣ የኬክ አሠራር እንኳ እዚህ ጉብ ብሎ መሐሉ ይሰምጣል፤ ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣው ይብሳል። ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ፣ ፈሳሹን ጥቂት መጨመር፣ ኦቨኑን ከተጻፈው 10 ዲግሪ ያህል ማስበለጥ ያግዛል። በኮባ የተጠቀለለ ወፍራም ድፎ ግን ችኮላ አይወድም፤ ላዩ ሳይጠቁር መሐሉ እንዲደርስ 180 አካባቢ ላይ ረጅም ጊዜ ይቀመጥ።

አዲስ ኦቨን መጀመሪያ ባዶውን፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ከ200 ዲግሪ በላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ይብራ። ከፋብሪካ የተቀባው ቅባት ስለሚቃጠል ይጨሳል፣ ይሸታልም፤ ከዚያ በኋላ አይመለስም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደግሞ በሩን ከፍቶ ቤት ለማሞቅ የሚሞክር አለ። ከሰል አግብቶ ከመተኛት ይሻላል፣ እውነት ነው፤ ጭስ የለውም። በሩ ተከፍቶ ሙቀቱ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ቀድሞ የሚለበለበው መቆጣጠሪያው ያለበት ግንባሩ ነው፣ ልጆችም ከጋለው መስታወት ፊት ለፊት ናቸው። ዘይት ውስጡ ቢቀጣጠል በሩን አትክፈቱ፤ ብሬከሩን አውርዱና አየር አጥቶ እስኪጠፋ ጠብቁ። ውኃ አይነካው።

መብራት ሲሄድ ቁልፉን ወደ ዜሮ መመለስ ልማድ ይሁን። ቁልፉ ተከፍቶ ቤተሰቡ ለቅሶ ወይም ማኅበር ከሄደ መብራቱ ሲመጣ ኦቨኑም ምጣዱም ባዶ ቤት ውስጥ ይግላሉ። ዲጂታል ሰዓት ያላቸው ኦቨኖች በዚህ ረገድ ይሻላሉ፤ መብራት ሲመለስ ዜሮዎቹ ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ ብዙዎቹም ሰዓቱ ካልተሞላ አይግሉም። “ኦቨኔ ሞተ” ተብሎ ባለሙያ የሚጠራባቸው አንዳንድ ቀኖች በሁለት ቁልፍ ጭነት ያልቃሉ። የሚያስፈራው ሌላው ነው። ሰፈር ውስጥ የሚመጣው መስመር ሦስት ፌዝ ሲሆን ቤቶቹ በየፌዙ ተከፋፍለው አንድ ኒውትራል ይጋራሉ። ያ ኒውትራል በነፋስ ወይም በወደቀ ባሕር ዛፍ ሲበጠስ አንዱ ቤት አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ሌላው ቤት 300 እና ከዚያ በላይ ቮልት ይገባዋል። አምፖሎቻችሁ በድንገት ከልክ በላይ ከበሩ ምክንያቱን ሳትጠይቁ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ለኦቨን ስታብላይዘር መግዛት አያዋጣም፣ የሚበቃው ትልቅና ውድ ነው፤ ቮልቴጁ ከልክ ሲወጣ ብቻ የሚያቋርጥ ትንሽ መከላከያ ከብሬከሩ ጎን ይገጠማል።

የቡሄም የእንቁጣጣሽም ዋዜማ ላይ “ኦቨኑ አልግል አለ” የሚል ስሞታ ይበዛል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከኦቨኑ አይደለም። ሙቀቱ ከቮልቴጁ ጋር አብሮ አይወርድም፣ ይልቅ ይቀድመዋል፦ 220ው ወደ 180 ሲወርድ 3000 ዋቱ ኦቨን 2000 ዋት ብቻ ይሆናል፤ ምጣዱም ከ3750 ወደ 2500 ይወርዳል። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በጣደበት ሰዓት ዓይን ያልወጣለት እንጀራና የነጣ ሙልሙል የሚበዛው በዚህ ነው። ሌሊት ከ10 ሰዓት በኋላ ወይም ጧት ማልዶ መጋገር ነገሩን ያቀላል። አንድ ብልሃት የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ፦ ወደ አንድ ጎን ሲገፋ ምጣዱን፣ ወደ ሌላው ሲገፋ ኦቨኑን ብቻ የሚያበራ መለወጫ ማብሪያ። ሁለቱ አብረው ሊበሩ አይችሉም፤ ለቤቱም ለሽቦውም የሚበጅ ነው። የፍጆታው ዋጋ በወር ውስጥ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር በየደረጃው ስለሚያድግ እንጀራው ወጥቶ ምጣዱ ሳይበርድ ሙልሙሉን መደርደርም ትንሽ ያተርፋል።

ኦቨኑን የገጠመው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ይጠየቅ፦ “ኦቨኑ በርቶ ሳለ ለካልኝ።” ኦቨኑ ጠፍቶ የሚነበበው 220 ምንም አይናገርም። ኦቨኑን ሙሉ ሙቀት ላይ አብርቶ ሁለት ቦታ ይለካ፣ አንዴ ቆጣሪው ጋ፣ አንዴ የኦቨኑ ሶኬት ላይ። ቆጣሪው ጋ 218 ሆኖ ሶኬቱ ላይ 200 ከሆነ ችግሩ ከቆጣሪ ወዲህ ያለው የራሳችሁ ሽቦ ወይም ማያያዣ ነው፣ ገንዘቡም ከናንተ ኪስ ይወጣል። ቆጣሪው ራሱ ጋ 190 ከሆነ ግን የቤት ሽቦ ብትለውጡ ምንም አይጨምርም፤ የተለካበትን ሰዓትና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ አመልክቱ። ባለሙያው “እሺ፣ ይሠራል” ካለም ቁጥሮቹን በወረቀቱ ላይ ራሱ ይጻፋቸው፣ ወረቀቱም ብሬከር ሳጥኑ ክዳን ውስጠኛው ላይ ይለጠፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ባለሙያ ሲመጣ ከምን ጋር እንደሚያወዳድር ያውቃል።